ያልመጡት ታማሚዎች፦ ካንሰር፣ ኮሮና እና በምሥራቅ ጎጃም የተሰጠ አንድ ምክር

መነሻ

መጋቢት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት አንድ ሰው ስልክ ደውሎ፣ አዲስ አበባ የካንሰር ሕክምና ስለጀመረች እህቱ «ትሂድ ወይስ ትቅር?» ሲል ጠየቀኝ። «ለጊዜው ትቆይ» አልሁት። ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚያ መልስ ነው። ከምን ተነሥቼ እንደሰጠሁት፣ ምን እንደተከተለ፣ ከዚያም ምን እንዳደረግን እጽፋለሁ።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከዋናው የአስፋልት መንገድ ዳር በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። እኛ ዘንድ ካንሰር አይታከምም። ስንጠረጥር ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንልካለን። ታማሚው ሕክምናውን ጀምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ቁስሉን እናጥባለን፣ ትኩሳቱን እንለካለን፣ ለጥያቄውም መልስ እንሰጣለን። ጥያቄ መመለስ በየትኛውም ሪፖርት አይሰፍርም፤ ከባድ ውሳኔዎች የሚያልፉት ግን ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

የታማሚዋ ወንድም ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ስሟን፣ ቀበሌዋንና የታከመችባቸውን ሆስፒታሎች አልጠቅስም።

ታማሚዋ

የ46 ዓመት የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች በሚመረትበት ደጋ ነው፤ መኪና ለማግኘት ሦስት ሰዓት በእግር ይኬዳል። በሐምሌ 2011 ልብሷን ስትቀይር በግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ዳሰሰች። እብጠቷ አታምም ነበር። በአካባቢያችን የማያም ነገር እንደ በሽታ አይቆጠርም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ያድጋል።

መጀመሪያ ጸበል ሄደች፤ ሁለት ወር ቆየች። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ጸበሉ ተስፋ ሰጥቷታል፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ቤቷ ደርሰን የነገርናት ነገር አልነበረም። በታኅሣሥ 2012 ወደ እኛ ስትመጣ እብጠቱ የዶሮ እንቁላል አክሏል፣ በብብቷም ንፍፊት ወጥቷል። አዲስ አበባ ላክናት። በየካቲት መጀመሪያ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተነሣ። ከዚያ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር ኬሞቴራፒ (ካንሰርን በመድኃኒት ማከም፣ በአጭሩ ኬሞ) ታዘዘላት፤ አራቱ ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋሚድ ጋር፣ አራቱ ፓክሊታክሴል። ከኬሞው በኋላ የጨረር ሕክምና ይቀጥላል፤ በዚያን ጊዜ ጨረር በመላ አገሪቱ የሚሰጠው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር መጋቢት 7 ወሰደች። የአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ የተደረገው ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ፣ መጋቢት 4 ነው።

ስልኩ የተደወለበት ሳምንት

ሁለተኛው ዙር መጋቢት 28 ነበር። በእነዚያ 21 ቀናት ውስጥ አገሩ ተለወጠ። በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበ። የሕዝብ ማመላለሻ ተስተጓጎለ። ቀጠሮው ካለፈ በኋላም፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተሽከርካሪዎች ከሚይዙት ሰው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነ፤ የጉዞ ወጪ ናረ።

ወንድሟን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀው ግን ማደሪያ ነበር። አዲስ አበባ የሚያሳድራቸው ዘመድ ተከራይ ነው፤ አከራዩ ከክፍለ ሀገር እንግዳ እንዳይገባ ከለከለ። በመንደሩ በኩል ደግሞ «ከአዲስ አበባ ይዛው መጥታ ይሆናል» እየተባለ ጎረቤት ለቡና መምጣት ተወ። ፀጉሯ መርገፍ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ፀጉሯ የረገፈው በመድኃኒቱ እንደሆነ የሚያውቁት ቤተሰቧ ብቻ ነበሩ። ሁዳዴም ነበር፤ እየተጾመ፣ ሰውነቷም እየመነመነ ነበር።

ወንድሟ «ሐኪም፣ እርስዎ ያሉትን እናደርጋለን» አለኝ። እኔም ትቆይ አልሁ።

መልሱ የቆመበት ማስረጃ

በደፈናው አልመለስሁም። ያን ሰሞን መጽሔቶች ስለ ኮሮና የሚያትሟቸውን ጥናቶች ያለ ክፍያ ከፍተው ነበር፤ እኛም ጤና ባለሙያዎች በቴሌግራም እንቀባበላቸዋለን። በእጄ የነበረው በየካቲት 2012 ላንሴት ኦንኮሎጂ የተባለው የካንሰር ሕክምና መጽሔት ያወጣው የቻይና ጥናት ነው። ከ575 ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 1,590 የኮሮና ታማሚዎችን አይቷል። ካንሰር ካለባቸው ወይም ከነበረባቸው መካከል 39 በመቶው በጽኑ ታመዋል ወይም ሞተዋል፤ ከሌሎቹ ግን 8 በመቶው ብቻ። ጸሐፊዎቹ ካንሰራቸው ለተረጋጋ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ኬሞቴራፒ እንዲዘገይ ሐሳብ አቅርበዋል። የእርሷ ኬሞ ይኸው ነው። ለእርሷ የተጻፈ መሰለኝ።

አሁን ያንኑ ጥናት ስከፍተው የዘለልኋቸውን ሦስት ነገሮች አያለሁ።

ካንሰር ያለባቸው የተባሉት 18 ሰዎች ናቸው። 39 በመቶ ማለት ሰባት ሰው ነው። መቶኛውን አነበብሁ እንጂ ሰዎቹን አልቆጠርሁም።

ከእነዚያ 18 ሰዎች ሕክምናቸው ከታወቀው 16ቱ መካከል ባለፈው ወር ኬሞ የወሰዱ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አራት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሕክምናቸውን ጨርሰው በክትትል ላይ የነበሩ ናቸው። በዕድሜም ከሌሎቹ ይበልጣሉ፤ ያጨሱ የነበሩትም በመካከላቸው ይበዛሉ፤ ከካንሰር ዓይነቶች በቁጥር የቀደመው የሳንባ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ፣ የ46 ዓመት የጮቄ ገበሬ ከእነዚህ ጋር የምትጋራው «ካንሰር» የሚለውን ስም ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ምክሩ «በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች» የሚል ገደብ ነበረው። ወንድሟ በደወለበት ቀን በመላ ኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች 50 አይሞሉም ነበር። ለዉሃን የተጻፈ ጥንቃቄ ወስጄ ለጮቄ ሰጠሁ።

ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነት ለማንኛውም ተላላፊ በሽታ የተጋለጠ ነው። የተሳሳትሁት አንዱን አደጋ አይቼ ሌላውን ሳልመዝን መቅረቴ ነው። ቫይረሱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት በቁጥር ይዤ ነበር። መዘግየቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን በዚያን ሰሞን ካነበብኋቸው ጥናቶች የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ስላላነበብሁት የሌለ ያህል ቆጠርሁት።

ግንቦት መጨረሻ፦ ማስረጃው ሲለወጥ

ግንቦት 20 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በአንድ ቀን ሁለት ጥናቶች አወጣ። የብሪታንያው ካንሰር ያለባቸውን 800 የኮሮና ታማሚዎች ተከታትሏል፤ 226ቱ ሞተዋል። ይህ ከባድ ቁጥር ነው። ነገር ግን ዕድሜ፣ ፆታና ተደራራቢ ሕመሞች ሲታሰቡ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ኬሞ መውሰድ በሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ሁለተኛው በአሜሪካ፣ በካናዳና በስፔን የነበሩ 928 ታማሚዎችን ያየ ነው፤ በ30 ቀናት ውስጥ የሞቱት 13 በመቶ ናቸው። እዚያም ዕድሜና የሰውነት አቅም ጎልተው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ይኸው መጽሔት ለኮሮና ይሞከር ስለነበረው የወባ መድኃኒት፣ ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ያወጣው ጽሑፍ ግንቦት 27 ተሻረ። 96 ሺህ ያህል ታማሚዎችን አይቻለሁ ያለ ጥናት ነበር፤ መረጃው ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ ግን አልተቻለም። እኔን 18 ሰው አሳስቶኛል፤ ዓለምን ደግሞ 96 ሺህ። ስለዚህ የብሪታንያውን ጥናት ያመንሁት ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም። እነማን እንደተቆጠሩና ማን እንደቆጠራቸው በግልጽ ስለተጻፈ፣ የጠየቀውም ጥያቄ የእኔን ጥያቄ ስለሆነ ነው።

በማግሥቱ ለወንድሟ ደወልሁ። «ያን ጊዜ የነገርሁህ ልክ አልነበረም፤ መሄድ አለባት» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ፣ መንገዱን እርስዎ ያሳዩን» አለኝ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ የሪፈር መዝገቡን ከፈትን። እርሷ ብቻ እንዳልሆነች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት በካንሰር ጥርጣሬ ከላክናቸው መካከል 14 ስም አገኘን። ስልክ ደወልን፤ ያገኘናቸው አምስት ናቸው። የቀረው ቁጥር የተዘጋ፣ የጎረቤት፣ ወይም ከወር በፊት አገር የለቀቀ የልጅ ስልክ ነው። በስልክ ታማሚን መከታተል በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በእኛ ወረዳ ግን ስልኩ የቤተሰብ፣ አንዳንዴም የመንደር ነው።

የሠራው ሌላ ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ስለ ኮሮና ለማስተማር በየቤቱ እየዞሩ ነበር። አንዲት ጥያቄ እንዲጨምሩ ለመንናቸው፦ «በዚህ ቤት ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ ሰው አለ?» ወጪ የላትም፣ ሥልጠናም አትፈልግም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቀሩት ዘጠኙ ሰባቱን አገኙ፤ ከመዝገባችን ውጭ የነበሩ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎችንም ጭምር። ሁለቱ ጸበል ላይ ነበሩ። አንዲት የማኅፀን በር ካንሰር የነበረባት እናት በሚያዝያ አርፋ ተገኘች። ስሟ በመዝገባችን «ተልካለች» ከሚለው አጠገብ እንደተጻፈ ነበር።

ለጮቄዋ ታማሚ ቀጥሎ የደም ምርመራውን አቀረብንላት። በፊት አዲስ አበባ ደርሳ «ነጭ የደም ሕዋስሽ ዝቅ ብሏል፣ ሳምንት ቆይተሽ ነይ» ልትባል ትችል ነበር። አሁን ከጉዞዋ ሁለት ቀን ቀድሞ ደሟን እኛ ዘንድ እናይና ውጤቱን ፎቶ አንሥተን ለሚያክማት ሐኪም እንልካለን፤ ካልሆነ ሳትነሣ ትቀራለች። ይህ ሁለት ጊዜ ከከንቱ ጉዞ አድኗታል። አንድ ጊዜ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆብን ሳናይላት ሄዳለች።

የማደሪያውን ችግር የፈቱት የንስሐ አባቷ ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖር የአገሬውን ተወላጅ አግኝተው ለብቻዋ የምታድርበት ክፍል አስለቀቁላት። እኝህ አባት ሌላም ትልቅ ነገር አድርገዋል። በሰኔ ጾም «መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ እንቁላሉንም ብዪ፣ ጸበሉንም ጠጪ፤ አንዱ አንዱን አይሽርም» አሏት። እኔ ስለ ምግብ አራት ጊዜ ነግሬያት እሺ ብላኝ አልበላችም ነበር፤ እርሳቸው አንድ ጊዜ ተናገሩ።

የከሸፈውም አለ። ያን ሰሞን ውጭ አገር የወጡ መመሪያዎች ካንሰራቸው የሆርሞን ተቀባይ ላለው፣ ማለትም ካንሰሩ በሆርሞን ለሚያድግባቸው ሴቶች፣ ኬሞው ወይም ቀዶው እስኪደርስ ሆርሞኑን የሚያግድ ታሞክሲፌን የተባለ መድኃኒት በማስጀመር ጊዜ መግዛት ይቻላል ይሉ ነበር። እኔም ይህን ይዤ ለሐኪሟ ደወልሁ። ምክሩ ግን የሚሠራው ተቀባዩ መኖሩ ተመርምሮ ሲታወቅ ነው፤ የእርሷ ናሙና ያ ምርመራ አልተደረገለትም። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም መመሪያ ሳነብብ አስቀድሜ የምፈልገው ከምክሩ በፊት ተሠርቷል ብሎ የገመተውን ምርመራ ነው።

የተገኘው ውጤት

ሁለተኛውን ዙር ሰኔ 15 ወሰደች። በ11 ሳምንት ዘግይቷል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ በመንገድ ወይም በፍርሃት ምክንያት አላለፋትም። ኬሞውን በጥቅምት 2013 ጨረሰች፣ ጨረሩንም ወስዳ አገሯ ገባች። በኮሮናም አልታመመችም፤ ማስክ አጥልቃ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በግማሽ በተጫነ መኪና ነው የተመላለሰችው።

በግንቦት 2013 በቀዶው ጠባሳ ላይ ትንሽ ጓል ወጣ። ካንሰሩ ተመልሷል። እንደገና ታከመች፤ ሁለተኛ ልጇን ዳረች። በጥር 2015 አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ወንድሟ ቢሮዬ መጣ። «ያን ጊዜ ብትሄድ ኖሮ?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት። ወደ እኛ ስትመጣ ካንሰሩ ብብቷ ደርሶ ነበር፤ አንድም ቀን ሳያልፋት ብትታከም እንኳ ሊመለስ ይችል ነበር። 11 ሳምንቱ ግን አልረዳትም፤ ምክሩም የእኔ ነበር። ይህን ለመስማት የመጣ ይመስለኛል፤ ቡና ጠጥተን ተለያየን።

ምርምሩ የሄደበት መንገድ

ከዚያ በኋላ ስለ ካንሰርና ኮሮና የሚወጣውን ሁሉ ባይሆን የምችለውን ያህል ተከታትያለሁ። ጥናቶቹ የተጓዙበት ቅደም ተከተል እኛ ከወደቅንበት ጉድጓድ ጋር ይገጥማል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥያቄው «ቫይረሱ የካንሰር ታማሚን ምን ያደርገዋል?» የሚል ነበር። መልሱ የመጣው ከቻይና፣ ቀጥሎ ከጣሊያን፣ ከብሪታንያና ከአሜሪካ ነው፤ በሽታው ቀድሞ በበረታበትና መዝገብ በኮምፒውተር በሚያዝበት አገር። ወዲያው የአስተያየትና የመመሪያ ጎርፍ ተከተለ። አብዛኛው በጥቂት ታማሚዎች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ጊዜው የሚጠብቅ ስላልነበረ አልፈርድበትም።

ጥያቄው የተገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው፦ «ሕክምናው መዘግየቱ ምን ያደርጋል?» በሐምሌ 2012 የወጣ የእንግሊዝ ስሌት ምርመራ በመዘግየቱ ብቻ በአምስት ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል ሊጨምሩ እንደሚችሉ አሳየ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት 34 ጥናቶችን፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችን ያጠቃለለ ሥራ አወጣ። ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት አደጋ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይጨምራል፤ ለአንዳንድ የጨረርና የመድኃኒት ሕክምናዎች ከዚያም ይበልጣል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የተመለከተው ሕክምና ሳይጀመር መዘግየቱን እንጂ ተጀምሮ መቋረጡን ስላልሆነ፣ ቁጥሩን ወስጄ የእርሷን 11 ሳምንት አላባዛበትም። ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ ከተጠቃለሉት ጥናቶች ብዙዎቹ ከወረርሽኙ በፊት የታተሙ ናቸው። መልሱ በመጋቢት 2012 ተበታትኖ ነበረ። ያላነበብነው ሁላችንም አዲሱን በሽታ ብቻ እያየን ስለነበር ነው።

በመስከረም 2014 ከ61 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ የቀዶ ሕክምና ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ ሙሉ የእንቅስቃሴ ገደብ በነበረባቸው አካባቢዎች ከሰባት አንዱ የታቀደለትን ቀዶ ሕክምና እንዳላገኘ አሳየ። ትልቅ ሥራ ነው። የተቆጠሩት ግን ቀዶ ሕክምና የታቀደላቸው፣ ማለትም ሆስፒታል ደርሰው ካርድ ያወጡ ናቸው። በሚያዝያ ያረፈችው የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚያችን በዚያም በሌላውም ጥናት የለችም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ አዲስ የካንሰር ታማሚዎች እንደሚኖሩ ገምቷል። ይህ ግምት ነው፤ ገጠሩን ስም በስም የቆጠረ መዝገብ የለንም።

ለሌላ ጤና ጣቢያ የሚሻገረው

በወረርሽኝ ጊዜ ታማሚ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ዓምድ እንሠራለን፤ የመሄድ አደጋና የመቅረት አደጋ። አንደኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ መልስ አንሰጥም፤ ለሚያክመው ሐኪም እንደውላለን። በመጋቢት 2012 ለሐኪሟ ሳልደውል ነበር የመለስሁት።

ጥናት ሲደርሰን ከመቶኛው በፊት የሰዎቹን ቁጥር እንፈልጋለን። ከዚያ ዕድሜያቸውን፣ አገራቸውን፣ የካንሰሩን ዓይነት። ምክሩ ላይ «በዚህ ዓይነት ቦታ» የሚል ገደብ ካለ ከነገደቡ እንጽፈዋለን።

ምክር ሲለወጥ ለተቀበለው ሰው ተደውሎ «ተሳስቼ ነበር» ይባላል። እምነት ያጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላጠፋም።

መንገድ የሚዘጋው በቫይረስ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት አሳይተውናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የካንሰር ታማሚ ጋር፣ ሰላም ሳለ፣ መንገድ ቢዘጋ የት እንደሚያድር፣ ደሙ የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚደውልለት አስቀድመን እንነጋገራለን። ስልክ ሦስት እንመዘግባለን፤ የራሱን፣ የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መሪውን፣ የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።

የሪፈር መዝገባችን አሁን አንድ ዓምድ ጨምሯል። በቀይ እስክሪብቶ የተሠመረ ነው፤ ርእሱ «ደርሷል?» ይላል። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ አንድ ሰው ተቀምጦ ይሞላዋል። ባለፈው ወር ሁለት ባዶ ቦታ ነበር፤ አንደኛዋ ከዚያው ከጮቄ ሥር ናት፣ ሰኞ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ትሄዳለች።